መጥሪያ ሲደርስዎት «ጥፋት የለብኝም» ከማለትዎ በፊት

ቢሮዬ ልደታ ፍርድ ቤት አካባቢ ነው። በጉዳት ካሳ ተከሰው የሚመጡ ባለጉዳዮች መጥሪያውን ጠረጴዛዬ ላይ እያስቀመጡ መጀመሪያ የሚሉኝ «እኔ ምን አጠፋሁ?» ነው። ብዙዎቹ እውነታቸውን ነው። ነገር ግን የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ጥፋት የሌለበትንም ሰው ካሳ የሚያስከፍልበት ቦታ አለው። ክሱ እዚያ ላይ የቆመ ከሆነ «አላጠፋሁም» እያሉ ገጽ ሙሉ ማስጻፍ ምንም አይፈይድም። ስለዚህ መልስ ከማዘጋጀትዎ በፊት የክስ ማመልከቻው የትኛውን ቁጥር እንደጠቀሰ ይፈልጉ።

ቁጥር 2028 ወይም 2030 ከተጠቀሰ ክሱ በጥፋት ላይ የተመሠረተ ነው፤ ቸልተኛ መሆንዎን ማስረዳት የከሳሽ ሸክም ነው። 2081 ስለ ተሽከርካሪ፣ 2077 ስለ ሕንፃ፣ 2080 ደግሞ ከሕንፃ ላይ ስለ ወደቀ ዕቃ ነው። በእነዚህ በሦስቱ ከሳሽ የእርስዎን ጥፋት ማስረዳት አይጠበቅበትም።

ባለንብረቶች አብዝተው የሚሳሳቱት በተሽከርካሪው ላይ ነው። አንዲት የሚኒባስ ባለቤት አለች እንበል፤ መኪናዋ ሜክሲኮ አካባቢ ሰው ሲገጭ እሷ ቤቷ ነበረች፣ መሪውን የያዘውም ሹፌሩ ሳይሆን ረዳቱ ነበር፣ ያውም ሳያስፈቅዳት። ይህ ሁሉ እውነት ሆኖ ሳለ መከላከያ አይሆናትም፤ ያልተፈቀደለት ሰው ቢነዳውም ሕጉ ተጠያቂ የሚያደርገው ባለንብረቱን ነው። መኪናው ተሰርቆ ከነበረ ግን ነገሩ ይለወጣል፤ ያኔ ለፖሊስ ያመለከቱበት ቀንና ሰዓት ዋና ማስረጃዎ ነው። ቁጥር 2086 ሌላውን መንገድ ይዘጋል፦ ጥፋት አለመኖሩ፣ የአደጋው ምክንያት አለመታወቁ፣ ጉዳቱን መከላከል አለመቻልዎ፣ የሦስተኛ ሰው ጥፋት መሆኑ አያድንም። የሚቀርልዎት የተጎጂው የራሱ ጥፋት ነው።

ጉልበትዎን እዚህ ላይ ያውሉት። የትራፊክ ፖሊሱ ፕላን የግጭቱን ቦታ የት ላይ አሳየ? ዜብራው ላይ ነው ወይስ ከዜብራው ርቆ? ቸርችል ጎዳና ቁልቁለት ነው፤ ከቴዎድሮስ አደባባይ ወደ ለገሃር ሲወርድ የነበረ መኪና ፍሬን የያዘበት ምልክት ከየት ጀምሮ የት እንዳበቃ ብዙ ይናገራል። በመንገዱ ዳር ያሉ ሱቆች ካሜራ አላቸው፤ ቀረጻው ቶሎ በአዲስ ስለሚተካ በዚያው ሰሞን ሄደው ይጠይቁ።

የተጎጂው ጥፋት ከፊል ከሆነ በቁጥር 2098 መሠረት ካሳው ይቀነሳል እንጂ አይቀርም፤ ፍርድ ቤቱ የጥፋቱን ክብደትና ለጉዳቱ ያደረገውን አስተዋጽኦ ይመዝናል። እባክዎ ያልነበረ ጥፋት አይፍጠሩ። እግሩ የተሰበረን ሰው ያለ ማስረጃ «ሰክሮ ነበር» ብሎ መጻፍ በደል ነው፤ ዳኛውም የቀረውን መልስዎን በጥርጣሬ ያነበዋል። ሁለት መኪኖች ከተጋጩ ደግሞ ሕጉ እኩል አስተዋጽኦ እንዳደረጉ ይገምታል። ይህን ግምት የሚያፈርሱት አደጋው ብቻውን ወይም በዋናነት በሌላው ሹፌር ጥፋት የመጣ መሆኑን ካስረዱ ነው።

አሁን በጥፋት ላይ ወደ ተመሠረተው ክስ እንምጣ። ፒያሳ ካፌ አለዎት፣ ደንበኛ እርጥብ ወለል ላይ ተንሸራታ ወደቀች። «ጥንቃቄ አድርገናል» ማለት ባዶ ነው። ጥያቄው አስተዋይ ሰው በእርስዎ ቦታ ቢሆን ምን ያደርግ ነበር የሚል ስለሆነ በዝርዝር ይመልሱ፦ ወለሉ በስንት ሰዓት ተወለወለ፣ ማን ወለወለው፣ ማስጠንቀቂያው የት ቆሞ ነበር፣ መብራት ነበር ወይ፣ ያየ ሰው ማን ነው። «ያጠፋችው አስተናጋጇ ናት» ብሎ መሸሽ አይቻልም፤ ሠራተኛ በሥራዋ ላይ ለፈጸመችው ጥፋት ቁጥር 2130 አሠሪውን ይጠይቃል። ከሳሿ ካሳ የጠየቀችበት የጉልበት ሕመም ከመውደቋ በፊት የጀመረ ነው ብለው የሚያምኑበት ምክንያት ካለዎት የሕክምና ማኅደሯ በፍርድ ቤት ትእዛዝ እንዲቀርብ ያመልክቱ።

ይርጋውን ደግሞ አይርሱ። ከውል ውጭ የሆነ የካሳ ክስ ጉዳቱ ከደረሰ በ2 ዓመት ውስጥ መቅረብ አለበት፤ ቁጥር 2143። ድርጊቱ ወንጀል ሆኖ የወንጀሉ ይርጋ ከዚያ የረዘመ ከሆነ ግን ረጅሙ ይሠራል፤ በመኪና አደጋ ይህ ብዙ ጊዜ ያጋጥማል። ይርጋን ዳኛው በራሱ አያነሳልዎትም። በፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ ቁጥር 244 መሠረት ገና ከጅምሩ በመጀመሪያ ደረጃ መቃወሚያነት ያቅርቡት፤ ካሳለፉት እንደተዉት ይቆጠራል። በመልሱ ውስጥም ክሱ የሚለውን እያንዳንዱን ነገር ለይተው ይካዱ ወይም ይመኑ፤ በግልጽ ያልካዱት እንዳመኑት ይወሰዳል። ሹፌሩ በወንጀል ችሎት በነፃ መሰናበቱ ብቻውን አይበቃም፤ ቁጥር 2149 የፍትሐ ብሔሩ ዳኛ በዚያ ውሳኔ እንደማይገደድ ይናገራል። ኢንሹራንስ ካለዎት ወዲያው ያሳውቁ፣ በሥነ ሥርዓት ሕጉ ቁጥር 43 መሠረትም ወደ ክርክሩ እንዲገባ ያመልክቱ።

ቀጥሎ የገንዘቡ መጠን። የጉዳቱን ልክ የሚያስረዳው ከሳሽ ነው፤ የደመወዙን ማስረጃ፣ የሐኪም ቤት ደረሰኞቹን፣ የጉዳት መቶኛውን የወሰነውን የሐኪሞች ቦርድ ወረቀት አንድ በአንድ ይመርምሩ። ለሕሊና ጉዳት ሕጉ የሚፈቅደው ከ1000 ብር አይበልጥም፤ ቁጥር 2116። እንደ ጠበቃ ለተከሳሽ ይህን መንገር ግዴታዬ ነው፤ ልጇን ላጣች እናት ግን ከ1952 ጀምሮ ያልተነካው ይህ ጣሪያ መነሳት አለበት ብዬ አምናለሁ።

ሽማግሌ ልኮ መታረቅም በማንኛውም የክርክሩ ደረጃ ይቻላል። ስምምነቱ ግን በጽሑፍ ሆኖ፣ የተከፈለው ገንዘብ ለየትኛው ጉዳት እንደሆነ ተጠቅሶበት፣ ሁለቱም ወገኖችና ምስክሮች ፈርመውበት ለችሎቱ ይቅረብ። በአደጋው ዕለት በርኅራኄ ለሆስፒታል የከፈሉት ካለም ዋናውን ደረሰኝ ይዘው ኮፒውን ከመልሱ ጋር ያያይዙ፤ ከካሳው ላይ እንዲታሰብልዎት የሚጠይቁት በእሱ ነው።