ትንሽ ዲጂታል ካሜራ ለመግዛት ሲነሡ

ትንሽ ዲጂታል ካሜራ ለመግዛት ያሰበ ሰው ከሁሉ አስቀድሞ ሊመልሰው የሚገባው ጥያቄ፣ በእጁ ያለው ስልክ አላነሣለት ያለው ፎቶ የትኛው ነው የሚለው ነው። በቀን ብርሃን ቅርብ የቆመን ሰው ወይም ሰፊ መልክዓ ምድርን ለማንሣት የዛሬ ስልክ በቂ ነው። ስልክ የሚቸገረው ሩቅ ያለውን አቅርቦ ሲያነሣ፣ በደብዛዛ ክፍል ውስጥ የሚሯሯጥ ሕፃን ሲገጥመው፣ እንዲሁም ፍላሽ ሲያስፈልግ ነው፤ የስልክ መብራት ከካሜራ ፍላሽ ጋር ሲነጻጸር እጅግ ደካማ ነውና። የሚገዙት ካሜራ ከእነዚህ ቢያንስ በአንዱ ስልክዎን በግልጽ የማይበልጥ ከሆነ፣ የቱንም ያህል ቢረክስ እንዳይገዙት እመክራለሁ።

በካርቶኑ ላይ በትልቁ ተጽፎ የሚያዩት የሜጋፒክሰል ቁጥር፣ ማለትም ፎቶው የሚሠራባቸው ጥቃቅን ነጥቦች (ፒክሰሎች) ብዛት በሚሊዮን፣ ምርጫዎን እንዲወስን አይፍቀዱለት። አንድን ፎቶ በኤ4 ወረቀት ላይ፣ በአንድ ኢንች 300 ነጥብ በሆነ ጥራት ለማተም የሚያስፈልገው 2480 በ3508 ፒክሰል ነው፤ ይህም 9 ሜጋፒክሰል እንኳ አይሞላም።

ቁጥሩን ትተው የሴንሰሩን ስፋት ይመልከቱ። ሴንሰር ከሌንሱ በስተኋላ ሆኖ ብርሃንን ወደ ኤሌክትሪክ ምልክት የሚለውጠው ክፍል ሲሆን፣ በርካሽ ካሜራዎች የተለመደው «1/2.3 ኢንች» የሚባለው ዓይነት 6.2 በ4.6 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። «1 ኢንች» የሚባለው ደግሞ 13.2 በ8.8 ሚሊ ሜትር በመሆኑ ስፋቱ የመጀመሪያውን አራት እጥፍ ያህላል፤ ስለዚህም ሌላው ሁኔታ እኩል ሲሆን ብዙ ብርሃን ይሰበስባል፣ በምሽት የተነሣውም ፎቶ ቶሎ በነጠብጣብ አይበላሽም። ስያሜው ግን እንዳያሳስትዎ፤ «1 ኢንች» የተባለው ሴንሰር ከማዕዘን እስከ ማዕዘን ቢለካ 16 ሚሊ ሜትር አይሞላም፤ አጠራሩ የመጣው በድሮ የቴሌቪዥን ካሜራዎች ውስጥ ይገባ ከነበረው የመስታወት ቱቦ ውጫዊ ስፋት ነውና። በዚህ ምክንያት በመግለጫው ላይ በሚሊ ሜትር የተጻፈውን መጠን ፈልገው ያንብቡ፣ የስልክዎንም እንዲሁ። ዛሬ የበርካታ ስልኮች ዋና ሴንሰር ከ1/2.3 ኢንች ስለሚበልጥ፣ ይህን ሴንሰር የያዘ ካሜራ መግዛት ትርጉም የሚኖረው ለረጅም ዙሙ ወይም ለፍላሹ ሲባል ብቻ ነው።

ሶኒ እ.ኤ.አ. በ2012 ካወጣው አርኤክስ100 ጀምሮ የ1 ኢንች ሴንሰር በኪስ በሚገቡ ካሜራዎች ውስጥ ይገኛል። ከዚያም የሚሰፋ የሚፈልግ ሰው 23.5 በ15.6 ሚሊ ሜትር ገደማ የሆነ ሴንሰር የያዘውን ሪኮ ጂአር 3 ሊያይ ይችላል፤ ነገር ግን ሌንሱ ዙም ስለሌለው ለመቅረብ በእግር መሄድ ግድ ነው።

ሁለተኛው ጉዳይ የሌንሱ ክፍተት ነው፤ ይህ «ኤፍ» ተብሎ የሚጻፈው ቁጥር ሲያንስ የሚገባው ብርሃን ይጨምራል። በዙም ሌንስ ላይ ሁለት ቁጥሮች ይጻፋሉ፤ የመጀመሪያው ዙሙ ሳይሳብ፣ ሁለተኛው ደግሞ እስከ መጨረሻው ሲሳብ ያለውን ክፍተት ያመለክታሉ። ማስታወቂያ የሚያጎላው የመጀመሪያውን ነው፣ ሩቅ ሲያነሡ የሚፈርደው ግን ሁለተኛው ነው። በ5.6 የሚገባው ብርሃን በ2.8 ከሚገባው አንድ አራተኛ ብቻ ስለሆነ፣ ካሜራው ጉድለቱን ለመሙላት ወይ ብርሃን የሚያስገባውን መዝጊያ (ሹተሩን) አዘግይቶ የሚንቀሳቀሰውን ያደበዝዛል፣ ወይ አይኤስኦውን፣ ማለትም ለብርሃን ያለውን ትብነት፣ ከፍ አድርጎ ነጠብጣብ ያመጣል። የእጅ መንቀጥቀጥን የሚያርመው ማረጋጊያ ጠቃሚ ነው፤ ሆኖም የሚያረጋጋው የእርስዎን እጅ እንጂ የሚሮጠውን ልጅ ስላልሆነ፣ የብርሃንን እጥረት አይተካም። ዲጂታል ዙም የሚባለውን ከቁጥር አያስገቡት፤ የፎቶውን መሐል ቆርጦ ማስፋት እንጂ ሌላ አይደለም።

ከተቻለ ካሜራውን በእጅዎ ሳይዙ አይወስኑ። ስክሪኑ በጠራራ ፀሐይ መታየት አለመታየቱን፣ በዓይን ተጠግተው የሚያዩበት መመልከቻ እንዳለው፣ ቁልፎቹም ለጣትዎ እንደሚመቹ ይፈትኑ። ባትሪያቸው በአንድ ሙሌት ከ200 እስከ 300 ፎቶ ብቻ የሚያነሣ ብዙ ስለሆኑ፣ የትርፍ ባትሪና የሚሞሪ ካርድ ወጪን ከመጀመሪያው ያስቡ።

ያገለገለ ካሜራ መግዛት ብልህነት ነው፣ ጥንቃቄው ግን ይበዛል፤ ሌንሱ ስለማይወልቅ ውስጡ የገባ አቧራ ካሜራው ሳይፈታ አይጸዳም። እኔ አንድ ጊዜ ውጫዊ ንጽሕናውን ብቻ አይቼ ከገዛሁ በኋላ፣ በእያንዳንዱ የሰማይ ፎቶ ላይ አንድ ቦታ የማይለቅ ጥቁር ነጥብ አግኝቻለሁ። ይህ እንዳይደርስብዎ ክፍተቱን ወደ ትልቁ ቁጥር አድርሰው ነጭ ግድግዳ ያንሡና በስክሪኑ ላይ አስፍተው ይዩ። ዙሙን ደጋግመው ሲያስወጡና ሲያስገቡ የሚፈጭ ድምፅ ወይም መንገታገት ካለ ይተዉት። በሌንሱ ውስጥ የእጅ ባትሪ አብርተው የሸረሪት ድር የሚመስል ሻጋታ ይፈልጉ፣ የካሜራው ባትሪ ያበጠ እንዳይሆንም ያረጋግጡ። ለጃፓን ገበያ ብቻ የተሠሩ አንዳንድ ካሜራዎች ከጃፓንኛ በስተቀር ሌላ ቋንቋ ስለሌላቸው ሜኑውን ከፍተው ይመልከቱ።

አዲስም ሆነ ያገለገለ፣ ሻጩ የመመለሻ ቀናት ከሰጠዎት የመጀመሪያውን ምሽት አያሳልፉት። መብራት በበራበት ክፍል ውስጥ ሰው ያንሡ፣ በማግሥቱ ዙሙን እስከ መጨረሻው ስበው ጽሑፍ ያለበትን ሩቅ ሰሌዳ፣ ቀጥሎም ጠፍጣፋ የጡብ ግድግዳ ፊት ለፊት ያንሡና ሁሉንም በኮምፒውተር ስክሪን ላይ በሙሉ መጠን ይመርምሩ። የግድግዳው አንዱ ጎን ጥርት ብሎ ሌላው ጎን በእያንዳንዱ ፎቶ ላይ የሚደበዝዝ ከሆነ፣ ሌንሱ ተዛንፎ ተገጥሟልና ቀኑ ሳያልፍ ይመልሱት።