ልጆች ከፎስተር ኬር ወደ ቤት ሲመለሱ ወጪውን እንዴት መሸፈን ይቻላል? (አሜሪካ ላሉ ወላጆች)

መንግሥት ልጆችን ከወላጅ ወስዶ ለጊዜው ሌላ ቤተሰብ ጋ ሲያስቀምጥ ፎስተር ኬር ይባላል። ዳኛው «ልጆቹ ወደ ቤታቸው ይመለሱ» ሲሉ ደስታው ሌላ ነው። ያኔ ብዙም የማይነሳው የገንዘቡ ነገር ነው። ልጁን ያቆየው ፎስተር ቤተሰብ በየወሩ ይከፈለዋል፤ ለምግብ፣ ለልብስ፣ ለመኝታ፣ ለትምህርት ቤት ዕቃ ተብሎ። ልጁ ወላጁ ጋ ሲመለስ ክፍያው ይቆማል። ጉዲፈቻ ለወሰደ ቤተሰብ ብዙ ጊዜ ድጎማው ይቀጥላል፤ ለወላጅ ግን እንዲህ ያለ ክፍያ የለም። ለእኔ ይሄ ፍትሐዊ አይመስለኝም። ቢሆንም ያለው አሠራር ይሄ ስለሆነ ዝግጅቱ ልጁ ከመምጣቱ ሁለት ሦስት ወር ቀድሞ ይጀመር።

1. ወጪውን በሁለት ከፍላችሁ ጻፉ

አንደኛው የአንድ ጊዜ ወጪ ነው። አልጋ፣ ፍራሽ፣ የመኪና የልጅ ወንበር፣ ልብስ፣ ጫማ፣ ሰፋ ያለ ቤት ካስፈለገ ደግሞ ዲፖዚት። ልብስ ከመግዛታችሁ በፊት ልኩን ፎስተር እናቱን ወይም ኬዝ ወርከሩን (ጉዳዩን የሚከታተለውን የሕፃናት ጥበቃ ሠራተኛ) ጠይቁ። እናንተ የምታስታውሱት ቁጥር ያለፈው ዓመት ነው፤ ልጅ ደግሞ ያድጋል። ልጁ ፎስተር ቤት የነበሩት ልብሶችና መጫወቻዎች አብረውት እንዲመጡም ንገሩ። የእሱ ናቸው።

ሁለተኛው በየወሩ የሚወጣው ነው፦ ሬንት፣ አስቤዛ፣ ዴይኬር፣ ትራንስፖርት። እዚህ ላይ ሰው ሁሉ የሚረሳው ከሥራ የሚቀርበትን ሰዓት ነው። ልጁ ከተመለሰ በኋላ ቴራፒ አለ፣ የኬዝ ወርከር ጉብኝት አለ፣ የፍርድ ቤት ቀጠሮ አለ፣ የትምህርት ቤት ስብሰባ አለ። በሰዓት ለሚከፈለው፣ ፓርኪንግ ለሚሠራው፣ ኡበር ለሚነዳው፣ አረጋውያን ቤት ለቤት ለምትንከባከበው እናት፣ እያንዳንዱ ቀጠሮ ከኪስ የሚወጣ ብር ነው። በወር ስንት ሰዓት እንደሚሄድ አስሉና በሰዓት በሚከፈላችሁ አባዙት። ከዚያ ኬዝ ወርከሩን «ቀጠሮዎቹን አንድ ቀን ላይ አድርጉልኝ፤ ወይም ከትምህርት ቤት በኋላ ይሁኑ» በሉ። ይሄ ብቻውን ብዙ ያድናል።

2. ዝርዝሩን ለጠበቃና ለኬዝ ወርከር በጽሑፍ ስጡ

ብዙ ወላጅ «ገንዘብ የለኝም ካልኩ ልጄን አይመልሱልኝም» ብሎ ዝም ይላል። ፍርሃቱ ይገባኛል፤ መፍትሔው ግን ዝምታ አይደለም። ከ1980 ጀምሮ የፌዴራሉ ሕግ ስቴቶች ቤተሰብን መልሶ ለማገናኘት ተገቢውን ጥረት እንዲያደርጉ ያስገድዳል። አልጋ ስለሌለ መመለሱ ቢዘገይ፣ አልጋውን ማግኘት የጥረቱ አካል እንዲሆን ጠበቃችሁ ሊጠይቅላችሁ ይችላል። እንዴት እንደምትነጋገሩበት አስቀድማችሁ ከጠበቃው ጋር ምከሩ። ጥያቄው በኢሜይል ይሁን፤ በስልክ የተባለ ነገር ይረሳል።

አስተርጓሚ በነጻ የማግኘት መብት አላችሁ። ዋሺንግተን ዲሲ በ2004 ያወጣው የቋንቋ ሕግ መሥሪያ ቤቶቹን በአማርኛም እንዲያገለግሉ አድርጓል። ልጃችሁን ግን በፍጹም አስተርጓሚ አታድርጉ፤ በተለይ በዚህ ጉዳይ።

ከምትጠይቋቸው መካከል ሁለቱን በስማቸው ጥሩ። አንዱ የቤተሰብ ማገናኛ አገልግሎት (ፋሚሊ ሪዩኒፊኬሽን ሰርቪስስ) ነው። ምክር፣ ቴራፒ፣ ጊዜያዊ የሕፃናት ማቆያ፣ ወደ አገልግሎቱ መመላለሻ ትራንስፖርት ሊሸፍን ይችላል። በ2018 የተሻሻለው ሕግ ይሄ አገልግሎት ልጁ ቤት ከገባ በኋላም እስከ 15 ወር እንዲሰጥ ይፈቅዳል። ሌላው ፋሚሊ ዩኒፊኬሽን ፕሮግራም የሚባለው የቤት ቫውቸር፣ ማለትም የሬንት ድጎማ ነው። ልጁ እንዳይመለስ ዋናው እንቅፋት ቤት ከሆነ የሚሰጥ ሲሆን፣ ቤተሰቡ በግምት ከገቢው 30 በመቶ ይከፍላል። በራሳችሁ ሄዳችሁ አታገኙትም፤ የሕፃናት ጥበቃ መሥሪያ ቤቱ ነው የሚልካችሁ። ቁጥሩ ውስን ስለሆነ ቶሎ ጠይቁ።

3. ልጁ በገባበት ቀን የሚደረጉ

ፉድ ስታምፕ (የመንግሥት የምግብ ድጎማ) የምታገኙ ከሆነ ልጁ ቤት መግባቱን ወዲያው አስመዝግቡ። አዲስ አመልካች ውሳኔ ለማግኘት እስከ 30 ቀን ሊጠብቅ ይችላል፤ ገቢው በጣም ዝቅተኛ የሆነ ግን በ7 ቀን ሊያገኝ ይችላል። ወረቀቱን አስቀድማችሁ ሞልታችሁ ጠብቁ። እዚህ ለተወለደ ልጅ ለማመልከት የወላጅ ዜግነት እንቅፋት አይሆንም።

ሜዲኬድም (ገቢው ዝቅተኛ ለሆነ ሰው የሚሰጠው የመንግሥት የጤና መድን) እንዲሁ። ልጁ በፎስተር ልጅነቱ ያገኘው ስለነበር አሁን በእናንተ ገቢ እንደገና ይታያል። ካርዱ ሳይቋረጥ እንዲሻገር ኬዝ ወርከሩን አሳስቡ። መድኃኒት የሚወስድ ልጅ ከሆነ ቢያንስ የአንድ ወር ይዞ ይምጣ።

ልጁ የሶሻል ሴኩሪቲ ክፍያ ካለው፣ ገንዘቡን የሚቀበልለት የሕፃናት ጥበቃ መሥሪያ ቤቱ ሊሆን ይችላል። ሶሻል ሴኩሪቲ ቢሮ ሄዳችሁ ወደ ስማችሁ አዙሩት።

ከሦስት እስከ አምስት ዓመት ላለ ልጅ ሄድ ስታርት የሚባለውን የቅድመ ትምህርት ፕሮግራም ጠይቁ፤ ነጻ ነው፤ ፉድ ስታምፕ ያለው ቤተሰብ ለማመልከት ብቁ ነው።

4. የተደበቀውን ዕዳ ፈልጉ

ልጁ ፎስተር ቤት በነበረበት ጊዜ አንዳንድ ስቴቶች ከወላጁ ቻይልድ ሰፖርት (የልጅ ማሳደጊያ ክፍያ) ያስከፍላሉ። በ2022 የፌዴራሉ መንግሥት ይሄን እንዲቀንሱ መክሯል፤ ሙሉ በሙሉ ግን አልቀረም። ስማችሁ ላይ እንዲህ ያለ ትእዛዝ ካለ ልጁ ሲመለስ በራሱ ይቆማል ብላችሁ አትተማመኑ። ትእዛዙ እንዲነሳ በዚያው ሳምንት አመልክቱ። የተጠራቀመን ዕዳ ወደ ኋላ ሄዶ መቀነስ ለፍርድ ቤትም ከባድ ነው።

5. ከራሳችን ሰው

ዕቁብ ካላችሁ ዕጣው ለዚያ ወር እንዲደርሳችሁ ሰብሳቢውን አነጋግሩ። አገር ቤት የምትልኩት ካለ ለጥቂት ወራት ቀንሱ። ይሉኝታው ከባድ እንደሆነ አውቃለሁ። «ልጆቹ የት ነበሩ?» የሚለውን ጥያቄ ፈርቶ ብቻውን የሚቸገር ብዙ ነው። ምክንያቱን መዘርዘር የለባችሁም፤ «ወጪ በዝቶብኛል» ይበቃል።

6. ታክስና የመጨረሻው ፋይል

የልጅ ታክስ ክሬዲት (ልጅ ላለው ሰው የሚደረግ የታክስ ቅናሽ) ለማግኘት ልጁ ከዓመቱ ከግማሽ በላይ እናንተ ጋ መኖር አለበት። በነሐሴ ከገባ የዚያን ዓመት አትቁጠሩት፤ የሚቀጥለውን ነው። በ2025 ለአንድ ልጅ እስከ 2,200 ዶላር ነበር። ቪታ በሚባለው ፕሮግራም ታክስ በነጻ ይሠራል።

ኬዙ ከመዘጋቱ በፊት የልጁን የልደት ሰርተፊኬት፣ የሶሻል ሴኩሪቲ ካርድ፣ የክትባትና የትምህርት ቤት መዝገብ፣ የቴራፒስቱን አድራሻ ተቀበሉ። ኬዙ ከተዘጋ በኋላ ስልክ የሚያነሳ ሰው ማግኘት ይከብዳል።