ታግሊት ለምትሄዱ፦ አርብ ሳይመሽባችሁ
ከአሜሪካ በታግሊት፣ ማለትም ለአይሁድ ወጣቶች በሚዘጋጀው ነፃ የጉብኝት ፕሮግራም፣ ወደ እስራኤል የምትሄዱ ወጣቶች፣ የጎደላችሁን ነገር ከአርብ ቀትር በፊት ግዙ። አርብ ፀሐይ ስትጠልቅ ሰንበት ይገባል። ኢየሩሳሌም ውስጥ አብዛኛው ሱቅ ከዚያ ቀደም ብሎ ይዘጋል፣ የከተማ አውቶቡስም ይቆማል። እስከ ቅዳሜ ማታ ድረስ ቻርጀር ወይም የራስ ምታት ኪኒን ፍለጋ መንከራተት አያዋጣም። መሪዎቻችሁ ይነግሯችኋል፣ ግን እንቅልፍ እያዳፋው ማን ይሰማል? ከኒውዮርክ ጋር አብዛኛውን ጊዜ የ7 ሰዓት ልዩነት አለ። በደረሳችሁበት ቀን እንደምንም እስኪመሽ አትተኙ።

ትከሻና ጉልበት የሚሸፍን ልብስ በእጅ ቦርሳችሁ ያዙ። ኢየሩሳሌም ያለው የአይሁድ ቅዱስ የጸሎት ስፍራ፣ ምዕራባዊው ግንብ ስትደርሱ ትልቁ ሻንጣ አውቶቡሱ ሆድ ውስጥ ሊሆን ይችላል። የቧንቧ ውሃው ይጠጣል፤ ባዶ ኮዳ ይበቃችኋል።