በመንግሥት ቅድመ መደበኛ ትምህርት ቤት ምዝገባና የሠራተኛ ድልድል ላይ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ምዝገባው በአንድ ጠረጴዛ ይሠራል፣ ቅጥሩ በሌላ ቢሮ። ሁለቱ ብዙ ጊዜ የሚገናኙት ልጆቹ የወላጆቻቸውን እጅ ይዘው በር ላይ በቆሙበት ዕለት ነው፤ ያኔ ደግሞ ለማስተካከል ረፍዷል። ከታች የምናነሣቸው ስህተቶች አብዛኞቹ የሚመነጩት ከዚሁ መለያየት ነው። የልጆቹ ቁጥር ሳይረጋ ሠራተኛ ይመደባል፣ ወይም ሠራተኛው ሳይታወቅ ልጅ ይመዘገባል።

ጥምርታን በግቢው ጠቅላላ ቁጥር ማስላት

ደንቡ ለ10 ልጅ አንድ አዋቂ ይላል እንበል። የተመዘገቡት 36 ልጆች ናቸው። ሠላሳ ስድስትን ለአሥር አካፍሎ «4 ሰው ይበቃል» ማለት በጣም የተለመደ ስህተት ነው። ልጆቹ በሦስት ክፍል 12፣ 12 ሆነው ከተደለደሉ ግን እያንዳንዱ ክፍል ሁለት አዋቂ ይፈልጋል፤ 11ኛው ልጅ ከገባ ሁለተኛው ሰው ግዴታ ነውና። ስለዚህ የሚያስፈልጉት 6 ሰዎች ናቸው። የክፍሎቹ ስፋት ከፈቀደና ደንቡ ካልከለከለ እነዚሁኑ ልጆች 18፣ 18 አድርጎ በሁለት ክፍል ማስተማር ይቻላል፤ ያኔ 4 ሰው በእርግጥም ይበቃል። ጥምርታ ሁልጊዜ በየክፍሉ ይሰላል፣ ሽርፍራፊውም ወደ ላይ ይጠጋጋል። ይህ ውሳኔ መወሰን ያለበት የቅበላ ደብዳቤ ከመውጣቱ በፊት ነው።

ጥምርታው ከአገር አገር ይለያያል፣ የሚለያይበትም ምክንያት አለው። ሄድ ስታርት በሚባለው የአሜሪካ የመንግሥት መርሐ ግብር የ4 ዓመት ልጆች ክፍል ከ20 አይበልጥም፣ የ3 ዓመት ልጆች ክፍል ደግሞ ከ17፤ በሁለቱም ሁለት አዋቂዎች ይኖራሉ። በእንግሊዝ 3 ዓመት ለሞላቸው ልጆች መነሻው 1 ለ8 ሲሆን፣ በሙያው የሠለጠነ መምህር ከልጆቹ ጋር በቀጥታ ሲሠራ እስከ 1 ለ13 ይፈቀዳል። ቁጥሩ ከዕድሜና ከሥልጠና ጋር የተሳሰረ ነው። የሌላውን አገር ቁጥር ወስዶ የሥልጠናውን ቅድመ ሁኔታ መተው አደገኛ ነው። ዕድሜ በተቀላቀለበት ክፍል ደንብዎ ምንም የማይል ከሆነ የትንሹን ልጅ ጥምርታ ይያዙ።

ሠራተኛን በክፍል ብዛት እንጂ በሰዓት አለመቁጠር

በጀት የሚፈርሰውም ሠራተኛ የሚሰለቸውም በአብዛኛው በዚህ ስህተት ስለሆነ ረዘም አድርገን እናየዋለን።

አራት ክፍል ያለው ትምህርት ቤት በየክፍሉ ሁለት አዋቂ ካስፈለገው ስሌቱ 8 ሰው ይመስላል። በሩ ግን ከጠዋቱ 1፡30 እስከ ቀኑ 11፡00 ክፍት ከሆነ ቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ነው። ስምንቱን ቦታ በ9.5 ሲያባዙት በቀን 76 የሥራ ሰዓት ይወጣል። አንድ ሠራተኛ በቀን 8 ሰዓት ቢውል ግማሽ ሰዓት ምሳ፣ ግማሽ ሰዓት ዝግጅት ይወስዳል፤ ከልጆች ጋር የሚቆየው 7 ሰዓት ነው። ሰባ ስድስትን ለሰባት ሲያካፍሉት 10.86 ያገኛሉ፤ ማለትም 11 ሰው።

ጠዋት ልጆቹ ገብተው እስኪያልቁ፣ ማታም ወላጆች መውሰድ ከጀመሩ በኋላ ቁጥሩ ይቀንሳል። የጠዋቱና የማታው ጊዜ በድምሩ ሁለት ሰዓት ተኩል ቢሆንና በዚያ ውስጥ ግማሹ ሰው ብቻ የሚያስፈልግ ከሆነ 10 የሥራ ሰዓት ይቀንስና 66 ይቀራል፤ ለ7 ሲካፈል 9.4፣ ማለትም 10 ሰው። በጥንቃቄ ቆጥረውም እንኳ ከመጀመሪያው 8 በሁለት ይበልጣል። ይህን ለማወቅ ውስብስብ ሶፍትዌር አያሻም። አንድ ወረቀት ላይ ቀኑን በግማሽ ሰዓት ይከፋፍሉ፣ በየክፍሉ በዚያ ሰዓት የሚኖሩትን ልጆች ይጻፉ፣ ከጎኑ የሚያስፈልገውን አዋቂ ያስቀምጡ፣ ከዚያ የሠራተኞቹን ፈረቃ በላዩ ይደርድሩ። ክፍተቱ የት እንዳለ ወዲያው ይታያል፤ አብዛኛውን ጊዜ የምሳ ሰዓትና የመጨረሻው አንድ ሰዓት ነው።

ቀጥሎ የሚረሳው መቅረት ነው። እነዚህ 10 ሠራተኞች እያንዳንዳቸው በሕመም፣ በሐዘን፣ በሥልጠና በዓመት 10 ቀን ቢቀሩ 100 የሰው ቀን ይሆናል። የትምህርት ዓመቱ 200 ቀን ከሆነ በአማካይ በየሁለት ቀኑ አንድ ሰው ይጎድላል ማለት ነው። መጉደሉ ድንገተኛ ሳይሆን ከወዲሁ የሚታወቅ ነውና አንድ ቋሚ ተተኪ ሠራተኛ በበጀት መያዝ አለበት። ማንም ባልቀረበት ቀን ተተኪዋ እረፍት የሚወጡትን መምህራን ትሸፍናለች፤ ሥራ ፈትታ የምትቀመጥበት ቀን የለም። ከሁሉ የሚበልጠው ጥቅም ግን ልጆቹ ስሟን ማወቃቸው ነው። በተጨናነቀ ጠዋት ከውጭ የተጠራ እንግዳ ሰው ክፍል ውስጥ ቢቆምም ልጁን አያረጋጋም።

መክፈቻና መዝጊያ ላይ አንድ ልጅ ብቻ ቢኖርም ግቢው ውስጥ ሁለት አዋቂ ይኑሩ። አንደኛው ቢታመም ወይም ልጁ ቢጎዳ አንዱ ከልጁ ጋር ሲሆን ሌላው ስልክ ይደውላል።

የማይቆጠረውን ሰው መቁጠር

ቢሮ ያለችው ርዕሰ መምህርት፣ ወጥ ቤት ያለችው ሠራተኛ፣ ጥበቃው፣ ለልምምድ የመጣው ተማሪ ጥምርታ ውስጥ አይገቡም። አካል ጉዳት ላለበት አንድ ልጅ ብቻ የተመደበ ረዳትም እንደዚሁ። የእርሱን ሰዓት ለክፍሉ ሁሉ ማካፈል ከዚያ ልጅ ላይ መውሰድ ነው፤ ይህን በፍጹም አንስማማበትም።

ማመልከቻን እንደ ተማሪ ማየት

አራት የተለያዩ ቁጥሮች አሉ፦ ያመለከቱ፣ የተፈቀደላቸው፣ ቦታቸውን ያረጋገጡ፣ በመጀመሪያው ሳምንት የተገኙ። ለበላይ አካል «ተማሪዎቻችን» ተብሎ የሚላከው ብዙ ጊዜ የመጀመሪያው ነው፤ ሠራተኛም በዚያ ይጠየቃል። ቤተሰብ ግን ሁለት ሦስት ቦታ ያመለክታል፣ ቤት ይቀይራል፣ አያት ልጁን ልያዝ ትላለች። የሠራተኛ ስሌት በሦስተኛው ቁጥር ይሠራ። ለዚህም የቅበላ ደብዳቤው የመጨረሻ ቀን ይኑረው፤ 7 የሥራ ቀን በቂ ነው። በሦስተኛው ቀን አጭር መልእክት፣ በስድስተኛው ስልክ፣ በስምንተኛው ቀን ቦታው ለቀጣዩ ልጅ። ሲደውሉ ሁለተኛውንም ስልክ ይሞክሩ፤ በተዘጋ ቁጥር ምክንያት ቦታውን የሚያጣው ልጁ ነው።

ቀድሞ ለመጣ ቦታ መስጠት

ፍትሐዊ ይመስላል፤ አይደለም። ንጋት ላይ ተሰልፎ መዋል የሚችለው ሥራው ፈቃድ የሚሰጠው ወላጅ ነው። የመንግሥት ትምህርት ቤት ይበልጥ የሚያስፈልገው ቤተሰብ ደግሞ በዚያ ሰዓት ሥራ ላይ ነው። ምዝገባውን ለሁለት ወይም ለሦስት ሳምንት ክፍት ያድርጉ፤ በዚያ ጊዜ ውስጥ የመጣ ሁሉ እኩል ይታይ። የቅድሚያ መስፈርቱን (የመኖሪያ ቅርበት፣ ወንድም ወይም እኅት መኖር፣ አካል ጉዳት፣ የገቢ ሁኔታ) አስቀድመው በር ላይ ይለጥፉ፣ እኩል የሆኑትን ወላጆች ባሉበት በዕጣ ይለዩ። የዕድሜ መቁጠሪያውም አንድ የተቆረጠ ቀን ይሁን። ልጁ ባመለከተበት ቀን ስንት ዓመቱ ነበር ሳይሆን በዚያ ቀን ስንት ይሞላዋል ብለው ይጠይቁ። ሰነድ የጎደለበትን ልጅ ደግሞ ሦስት ጊዜ አያመላልሱት። ደንቡ ከፈቀደ በጊዜያዊነት ይመዝግቡትና የልደት ምስክር ወረቀቱ የሚመጣበትን ቀን ይስጡ፤ የክትባት ካርዱ ግን ልጁ ክፍል ከመግባቱ በፊት ይታይ።

አንድ ወጥ የተጠባባቂ ዝርዝር

በ4 ዓመት ክፍል ቦታ ሲለቀቅ በዝርዝሩ አናት ያለው የ3 ዓመት ልጅ ከሆነ ዝርዝሩ አይጠቅምም። በዕድሜ ለየብቻ ይያዙ፤ የልደት ቀን፣ የሚፈለገው ሰዓት፣ ሁለት ስልክና መጨረሻ የተነጋገሩበት ቀን ይኑርበት። በየሁለት ወሩ እየደወሉ ያጥሩት።

ዘግይቶ መቅጠር

ከትምህርት መክፈቻ ወደ ኋላ ይቁጠሩ። ግቢውንና ልጆቹን ለመተዋወቅ 1 ሳምንት። አዲሱ ሠራተኛ ከነበረበት ለመልቀቅ 4 ሳምንት። ለትምህርት ማስረጃ ማጣራት፣ ከወንጀል ነፃ መሆንን ለሚያሳይ ማስረጃና ለጤና ምርመራ 4። ለማጣሪያና ለቃለ መጠይቅ 2፣ ለማስታወቂያ 2። ድምሩ 13 ሳምንት ይሆናል፤ የበጀት ፈቃድ ገና ካልመጣ ደግሞ ከዚህም ይረዝማል። ስለዚህ የቦታ ማረጋገጫው ቀን መክፈቻው 14 ሳምንት ሲቀረው ቢያልቅ ሁለቱ ሥራዎች ይገጥማሉ። ማስረጃው ያልተጠናቀቀ ሰው «ለጊዜው» እየተባለ ብቻውን ከልጆች ጋር አይተው። ይህ የሚፈቀድበት ምንም ዓይነት ጥድፊያ የለም።

በአማካይ መገኘት ተማምኖ ትርፍ መመዝገብ

በየቀኑ ከ20ው ሁለት ይቀራሉ ተብሎ 22 ልጅ ይመዘገባል። ጥሩ አየር ባለበት ሰኞ ሁሉም ይመጣሉ፣ ክፍሉም ከደንብ ይወጣል። ባዶ ወንበር የሚሞላው በተጠባባቂ ዝርዝር እንጂ በግምት አይደለም። መቅረትን ደግሞ እንደ መረጃ ይያዙት። ሄድ ስታርት ልጁ ሳይነገር ከቀረ ትምህርት በተጀመረ አንድ ሰዓት ውስጥ ወላጁ እንዲጠየቅ ያዛል፣ የወሩ አማካይ መገኘት ከ85 በመቶ ሲወርድም ምክንያቱ እንዲመረመር ያደርጋል። የስልክ ጥሪው ክትትል ብቻ አይደለም፤ መጓጓዣ የተቸገረን ወይም የታመመ ወላጅን በጊዜ ያገኙበታል።

ስለ ልጁ ፍላጎት በተሳሳተ ሰዓት መጠየቅ

ማመልከቻው ላይ «ልጁ የጤና ወይም የዕድገት ችግር አለበት?» የሚል ጥያቄ ካለ ወላጅ እንዳይከለከል ፈርቶ ይደብቃል። ቦታው ከተረጋገጠ በኋላ ይጠይቁ፤ ጥያቄዎቹም ግልጽ ይሁኑ። ሲፈልግ እንዴት ይናገራል? ሽንት ቤት እገዛ ይሻል? የማይስማማው ምግብ አለ? ሲያለቅስ ምን ያረጋጋዋል? መልሱ በቀጥታ ወደ ድልድሉ ይሄዳል። ልብስ የሚቀየርላቸው ሦስት ልጆች ያሉበት ክፍል በቀን ውስጥ በተደጋጋሚ አንድ አዋቂ ለደቂቃዎች ይወጣበታል፤ ስለዚህ ሦስተኛ ሰው የሚቀርብበት ሰዓት ይያዝለት።

ሁሉንም ልጅ በአንድ ቀን ማስገባት

በየክፍሉ በቀን ከ4 እስከ 6 አዲስ ልጅ ያስገቡ፤ ሃያው በአንድ ሳምንት ውስጥ ይሞላል። ሃያ ልጅ በአንድ ጊዜ ሲያለቅስ ሁለት አዋቂ የትኛውንም አያቅፉም። በእነዚህ ሳምንታት የሠራተኛ ፈቃድና ሥልጠና አይሰጥ።

የጎደለ ቀን ዕቅድ አለመኖር

ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ሁለት ሰው እንደማይመጣ ሲሰማ የሚወሰነው ውሳኔ ብዙ ጊዜ ልጆችን ከክፍል ክፍል ማዟዟር ነው። ቁጥሩ በወረቀት ላይ ይስተካከላል፤ ልጁ ግን መምህሩንም ጓደኞቹንም በአንድ ጊዜ ያጣል። ቅደም ተከተሉ በጽሑፍ ይኑር፦ መጀመሪያ ተተኪዋ ትገባለች፣ ቀጥሎ ርዕሰ መምህርቷ ቢሮውን ዘግታ ክፍል ትገባለች፣ ሦስተኛ ከፍተኛው የልጅ ቁጥር ሳይጣስ ሁለት ክፍል ይቀላቀላል፣ ይህም ካልሆነ አንድ ክፍል ለዚያ ቀን ይዘጋል። የትኛው ክፍል እንደሚዘጋና ለወላጅ የሚላከው መልእክት ቃሉ ሳይቀር አስቀድሞ ይጻፍ፤ መልእክቱም ወላጅ ከቤት ሳይወጣ፣ ቢቻል በሩ ከመከፈቱ 30 ደቂቃ ቀድሞ ይድረስ።