ለንደን ላይ ባስና ባቡር እንዴት ይከፈላል?

ለንደን ባስ ላይ ካሽ ይዛችሁ እንዳትወጡ። ቀያዮቹ ባሶች እንደ ፈረንጆቹ ከ2014 ጀምሮ ጥሬ ገንዘብ አይቀበሉም፣ እንደኛ ታክሲ ሂሳብ የሚሰበስብ ረዳትም የለም። ማሽን ላይ በማስነካት ብቻ የሚከፈልበት የባንክ ካርድ ካላችሁ ወይም ስልካችሁ ላይ እንደ አፕል ፔይ ወይም ጉግል ፔይ ያለ መክፈያ ካለ እሱ ይበቃል። ካሽ ብቻ የያዘ ሰው ኦይስተር ካርድ (ብር እየተሞላበት የሚሠራ የለንደን የትራንስፖርት ካርድ) ገዝቶ ይሙላ።

ባስ ላይ ስትገቡ አንዴ ቢጫውን ማሽን ንኩ፣ ስትወርዱ አትንኩ። ከዚያ በአንድ ሰዓት ውስጥ ሌላ ባስ ብትይዙ በዚያው ካርድ እስከነካችሁ ድረስ ድጋሚ አያስከፍላችሁም፤ እኔ የከተማው ምርጥ ነገር ይሄ ነው ባይ ነኝ። የምድር ውስጥ ባቡር ግን ስትገቡም ስትወጡም መነካት አለበት፣ ያለበለዚያ ከፍተኛውን ዋጋ ይቆርጥባችኋል።

ብዙ ሰው ገንዘቡን የሚያባክነው ጠዋት በካርዱ ነክቶ ማታ በስልኩ ሲነካ ነው። የባንክ ሂሳቡ አንድ ቢሆንም ሲስተሙ እንደ ሁለት ተሳፋሪ ነው የሚያያችሁ፣ ስለዚህ ከተወሰነ ብር በላይ እንዳትከፍሉ የተቀመጠው የቀን ጣሪያ አይሠራላችሁም። ለባልና ሚስትም አንድ ካርድ አይሆንም፣ ለየራስ ነው። ከ11 ዓመት በታች ያሉ ልጆች ባስ ላይ በነፃ ይሄዳሉ። የውጭ ካርድ ከሆነ ባንካችሁ ለምንዛሪ ስንት እንደሚቆርጥ ቀድማችሁ ጠይቁ።