ከግጭ እስከ ጨነቅ፦ የስሜንን ተራራ ከባልንጀራ ጋር በእግር ለሚያቋርጡ

በስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ለብዙ ቀን በእግር የሚጓዙ ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ ከሳንቃበር ተነሥተው ግጭ ያድራሉ፤ በማግሥቱም እሜት ጎጎና እናትዬ የተባሉትን ከፍተኛ ጫፎች አልፈው ጨነቅ ይደርሳሉ። ይህ ጽሑፍ የሚመለከተው ያንን ሁለተኛውን ቀን ነው። የመረጥኩት መልክዓ ምድሩ ስለሚያምር ብቻ ሳይሆን ሁለት ሰዎች አብረው መንገድ መሄድ መቻላቸው የሚፈተነው በዚህ ቀን ስለሆነ ነው። የግጭ ካምፕ 3,600 ሜትር ገደማ ላይ ይገኛል፤ እሜት ጎጎ 3,926 ሜትር፣ እናትዬ 4,070 ሜትር ሲሆኑ፣ ማደሪያው ጨነቅ ተመልሶ ወደ 3,600 ሜትር አካባቢ ዝቅ ይላል። ጉዞው ከነዕረፍቱ ከ7 እስከ 9 ሰዓት ይወስዳል።

ለዚህ መንገድ የሚመቸው ክረምቱ ወጥቶ መሬቱ ከጠነከረ በኋላ ያለው ጊዜ፣ ማለትም ከጥቅምት እስከ የካቲት ነው። ደባርቅ በሚገኘው የፓርኩ ጽሕፈት ቤት ተመዝግቦ መክፈልና ስካውት (የሚያጅብ የፓርክ ጠባቂ) ይዞ መግባት ግዴታ ነው፤ የአካባቢውን የጸጥታ ሁኔታም አስቀድሞ ሳይጠይቁ መነሣት አይገባም። ድንኳኑንና ከባዱን ዕቃ በበቅሎ ማስጫን ከተቻለ ያለ ማመንታት ይጫን። በጀርባ የሚያዘው ውኃ፣ ስንቅ፣ የዝናብ ልብስና ወፍራም ሹራብ ብቻ ቢሆን ይበቃል።

ዋናው ዝግጅት ግን ከዕቃው ይልቅ በዋዜማው ማታ የሚደረገው ንግግር ነው። እራት ተበልቶ ጋቢ ከተደረበ በኋላ ሁለታችሁ በግልጽ ተነጋገሩ፦ ማን ፊት ይሄዳል፣ በየስንት ጊዜው ታርፋላችሁ፣ ከመካከላችሁ አንዱ ቢታመም ወዴት ትመለሳላችሁ? የመጨረሻው ጥያቄ ቀላል አይደለም። ከደባርቅ ወደ መካነ ብርሃን የሚሄደው የመኪና መንገድ በሳንቃበርና በጨነቅ ሲያልፍ ወደ ግጭ ግን አይገባም። ስለዚህ ግጭ ላይ ሌሊቱን ክፉኛ ያመመው ሰው በእግሩ ወይም በበቅሎ ወደ ሳንቃበር አቅጣጫ መመለስ ይኖርበታል እንጂ 4,000 ሜትርን ተሻግሮ ጨነቅ ላይ መኪና ለማግኘት መሞከር የለበትም። ይህን በቀዝቃዛው ጧት፣ አንዱ ለመሄድ ቸኩሎ ሌላው ራሱን ይዞ ሳለ ለመወሰን መሞከር ለጠብ ይዳርጋል።

ጧት 12 ሰዓት ተነሥታችሁ 1 ሰዓት ላይ መንገድ ብትጀምሩ ጥሩ ነው። ሌሊቱ ውርጭ ስለሚሆን በድንኳኑ ውስጥ ያደረው የውኃ ዕቃ ጭምር ብርዱ ይነካዋል፤ ለእያንዳንዱ ሰው ቢያንስ 3 ሊትር ውኃ አፍልታችሁ ወይም በእንክብል አክማችሁ ያዙ። በዚህ ከፍታ ውኃ የሚፈላው በ88 ዲግሪ ገደማ ስለሆነ፣ መፍላት ከጀመረ በኋላ 3 ደቂቃ ያህል እሳት ላይ ይቆይ። ከስንቅ ሁሉ የምመርጠው በሶ ነው። ጨውና ትንሽ በርበሬ የገባበትን በሶ በኩባያ በጥቂት ውኃ ለውሶ፣ በመዳፍ ጠበቅ አድርጎ ጭብጦ ማዘጋጀት ከ5 ደቂቃ አይበልጥም፤ እሳት አይፈልግም፣ ለጾመኛም ይሆናል፣ ከፍታው የምግብ ፍላጎት ሲዘጋም ከዳቦ ይልቅ በቀላሉ ይዋጣል። ቆሎው በኪስ ይሁን፤ ቦርሳ አውርዶ መፈለግ ያሰለቻልና በቦርሳ ውስጥ ያለ ቆሎ ሳይበላ ይውላል።

ከካምፑ እንደተወጣ መንገዱ በጓሳ ሣርና በጅብራ መካከል ቀስ እያለ ይወጣል። እዚህ ላይ የምለምናችሁ አንድ ነገር ቢኖር ደካማው ወይም ዘገምተኛው ፊት እንዲሄድ ነው። 4,000 ሜትር ላይ የአየር ግፊቱ ከባሕር ወለል ጋር ሲነጻጸር 60 በመቶ ያህል ብቻ ነው፤ ብርቱው ፊት ከሄደ ኋለኛው እሱን ለመድረስ ሲል ትንፋሹ ይቆራረጣል፤ ፊተኛው ቆሞ ጠብቆት ኋለኛው ሲደርስ ደግሞ ወዲያው መንገድ ይጀምራል። በዚህም የሚያርፈው ብርቱው ብቻ ይሆናል። ትክክለኛው ፍጥነት እየሄዱ ሙሉ ዓረፍተ ነገር መናገር የሚቻልበት ፍጥነት ነው።

ይህን የማውቀው በራሴ ላይ ከደረሰ ነገር ነው። ከአብሮ አደጌ ጋር በዚሁ መንገድ ስንሄድ እኔ ፊት ፊት እያልኩ፣ እሱ እየተከተለኝ፣ ሁለት ሰዓት ያህል ተጓዝን። በዕድሜ የገፉት ስካውታችን ጠሩኝና፣ «ልጄ፣ ጓደኛህ ወሬ አቁሟል» አሉኝ። ዞሬ ሳየው ከንፈሩ ደርቆ ዓይኑ ፈዟል፤ ራሱን ከጧት ጀምሮ ያመው እንደነበር፣ ጉዞውን እንዳያበላሽብኝ ብሎ መደበቁን የነገረኝ ያኔ ነው። ወደ ግጭ ተመለስን፤ እሱም ማታውን ተሻለው። ከዚያ ወዲህ ባልንጀራዬን «ደህና ነህ?» ብዬ አልጠይቅም፤ «ደህና ነኝ» ማለት ለሁላችንም ይቀለናልና። በየግማሽ ሰዓቱ የምጠይቀው፣ «ራስህን ያምሃል? ስንት ጊዜ ውኃ ጠጣህ? መቼ ሸናህ?» ብዬ ነው። ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽና ማዞር የከፍታ ሕመም መጀመሪያ ናቸው፤ እነዚህ ከታዩ ከዚያ በላይ መውጣት አይገባም፤ ማረፍ ካላሻለውም ወደ ታች መውረድ ያስፈልጋል። ሰውየው እንደ ሰከረ ሰው ከተንገዳገደ፣ ንግግሩ ከተምታታበት ወይም ተቀምጦ ሳለ ትንፋሽ ካጠረው ግን ሌሊትም ቢሆን ሳይውል ሳያድር ይውረድ። የራስ ምታት መድኃኒት ውጦ ሽቅብ መቀጠል ምልክቱን መደበቅ ነው።

በመንገዱ ላይ ጭላዳዎች ማግኘታችሁ አይቀርም። ሌሊቱን በገደሉ ላይ አድረው ጧት ወደ ሜዳው ይወጣሉ። ጥቂት ዝም ብላችሁ ብትቀመጡ ሣሩን በጣታቸው እየነጩ ሲበሉ ጭርጭር የሚለውን ድምፅ ትሰማላችሁ። ምግብ አትስጧቸው፣ መንጋውንም ሰንጥቃችሁ አትለፉ፤ በጎን ዞራችሁ ሂዱ።

እሜት ጎጎ 3 ሰዓት ገደማ መድረስ ይመረጣል፤ ጧት አየሩ ጥርት ያለ ሲሆን ከቀትር በኋላ ጉሙ ከቆላው ሽቅብ እየወጣ ገደሉን ይሸፍነዋል። ከፊታችሁ በሦስት ወገን የሚወርደው ገደል በስሜን እስከ 1,500 ሜትር ጥልቀት ካላቸው ገደሎች ጋር የተያያዘ ነው፤ ነፋሱም ድንገት ይገፋል። ፎቶግራፍ የሚነሣው ሰው ወደ ኋላ አይራመድ፣ የሚያነሣውም ሰው «ትንሽ ወደ ኋላ» አይበል። ቦርሳችሁን አውርዳችሁ፣ ከጠርዙ ራቅ ብላችሁ ተቀመጡና ጭብጦውን እዚያ ብሉ። ላብ ቶሎ ስለሚቀዘቅዝ ሹራቡ የሚለበሰው ገና እንደቆማችሁ ነው፤ እስኪበርዳችሁ አትጠብቁ።

ከዚያ መንገዱ የገደሉን አፋፍ ተከትሎ ይወርድና እንደገና ወደ እናትዬ ይወጣል። ይህ ሁለተኛው አቀበት ከመጀመሪያው ይልቅ ያደክማል፤ ፀሐዩም በከፍታው ምክንያት ብርዱ ውስጥ ሆኖ እንኳ ፊትንና ማጅራትን ያቃጥላል። ባርኔጣ አታውልቁ። ጉም ከወረደ ደግሞ በመካከላችሁ ያለው ርቀት እጅ ለእጅ ከሚያቀባብል አይብለጥ፤ ስካውቱን ቀድማችሁም አትሂዱ።

ከእናትዬ ወደ ጨነቅ ያለው ቁልቁለት ጉልበትንና ጥፍርን ይጎዳል። መውረድ ከመጀመራችሁ በፊት ጫማችሁን ፈትታችሁ ቁርጭምጭሚቱ ላይ አጥብቃችሁ እሰሩ፤ አለዚያ ጣቶቻችሁ ከጫማው አፍንጫ ጋር ሲጋጩ ይውላሉ። እግር የሚያቃጥልበት ቦታ ካለ ውኃ እስኪቋጥር ሳትጠብቁ ፕላስተር ለጥፉበት። እርምጃ ማሳጠርና ዱላውን ከእግር በፊት ማሳረፍ ይጠቅማል።

ጨነቅ 10 ሰዓት ገደማ ስትደርሱ ድንኳን ከመትከላችሁ በፊት ደረቅ ካልሲ ቀይሩ፣ ሻይ አፍሉ። ፀሐይዋ ስታዘቀዝቅ ዋልያዎች በአቅራቢያው ባሉት ገደሎች ላይ ስለሚታዩ የሩቁን አቅርቦ የሚያሳይ መነጽር ያለው ይዞ ይውጣ። የነገው መንገድ ወደ 4,430 ሜትሩ ቧሂት ነው፤ መሄድ አለመሄዱን ግን ማታ አትወስኑ። ሁለታችሁም አድራችሁ፣ ጧት አንዳችሁ የሌላችሁን ፊት አይታችሁና የቁርሱን አበላል ተመልክታችሁ ወስኑ።