አሮጌ የደሴ ቤት ለማደስ ለተነሣ ሰው

በደሴ ፒያሳ አካባቢ አሮጌ ቤት ለማደስ የተነሣ ሰው ግንበኛ ከመጥራቱ በፊት አንድ ጥያቄ ይመልስ፤ ቤቱ ከታደሰ በኋላ በየቀኑ ምን ሊሠራበት ነው?

ይህን የማስቀድመው የእንግሊዟን ሃሊፋክስ አስቤ ነው። ፒስ ሆል የተባለው፣ ሰፊ ግቢን በአራት ማዕዘን የከበበው የድንጋይ አዳራሽ በ1779 እ.ኤ.አ. የተከፈተው በአካባቢው መንደሮች በእጅ የተሸመነ የሱፍ ጨርቅ እንዲሸጥበት ሲሆን፣ ከ300 በላይ ትንንሽ ክፍሎች ነበሩት። ፋብሪካ የእጅ ሸማኔውን ገበያ ሲወስድበት አዳራሹ የአትክልትና የፍራፍሬ ጅምላ መሸጫ ሆነ። ኋላም የመፍረስ አደጋ ተደቅኖበት ተርፎ፣ ሰፊ እድሳት ተደርጎለት በ2017 እ.ኤ.አ. ሱቅና ካፌ የሚሠራበት፣ ሙዚቃ የሚቀርብበት ስፍራ ሆኖ ዳግም ተከፈተ። ያቆየው ከድንጋዩ ጥንካሬ ይልቅ በየዘመኑ ሥራ ማግኘቱ ይመስለኛል።

ስለዚህ አስቀድመው ቤቱን ይመዝግቡ። እያንዳንዱን ግድግዳ ሜትር አስደግፈው ፎቶ ያንሡ፤ የበሩን ማጠፊያና የመስኮቱን ቅርጽ ቀረብ ብለው ያንሡ። የሰፈሩን አዛውንቶች ቡና አፍልተው ሲጠይቁም «ማን ሠራው?» በማለት አይወሰኑ፤ «እዚህ ክፍል ውስጥ ምን ይሸጥ ነበር?» ይበሉ፤ የቤቱ እውነተኛ ታሪክ አብዛኛውን ጊዜ የሚወጣው ከሁለተኛው ጥያቄ ነው።

ከሁሉ በላይ የማሳስበው የሲሚንቶ ነገር ነው። በድንጋይና በጭቃ የተሠራ ግድግዳ ከመሬት የሚስበውን እርጥበት ወደ ውጭ መተንፈስ አለበት፤ ሲሚንቶ ሲለሰንበት ግን ውሃው ከውስጥ ይታገታል። በእንዲህ ያለ ግድግዳ ላይ ከክረምት በኋላ ልስኑን በጣቴ ሳንኳኳው ባዶ እንስራ ይመስል ጮኸ፤ ጥግ ላይ ያለውን ስንጥቅ ስንከፍተው ጭቃው ረጥቦ ፈራርሶ ነበር። በኖራና በአሸዋ ይለስኑ፤ ጣሪያውንና የውሃ መውረጃውን ግን ከልስኑ በፊት ይጠግኑ።

ቤቱ በቅርስነት ከተመዘገበ፣ በአዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት ያለ ፈቃድ አይነካም፤ ካልተመዘገበም የከተማውን ባህልና ቱሪዝም መሥሪያ ቤት አስቀድሞ ማማከር ይበጃል።

በቤቱ ውስጥ ለዓመታት የሠራ ልብስ ሰፊ ካለ፣ ከእድሳቱ በኋላ የሚመለስበትን ክፍልና የሚችለውን ኪራይ ሥራው ሳይጀመር በጽሑፍ ይስማሙ። የኖራውን ሥራ ዝናቡ ካባራ በኋላ፣ በጥቅምት ይጀምሩት፤ ፀሐይ ቶሎ አድርቆ እንዳይሰነጥቀውም በእርጥብ ጆንያ ይሸፍኑት።